ለታንኳ የጾምኩት ጾም

ሰው ለነፍሱ ይጾማል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ለታንኳ ስል ጾሜያለሁ። ይህን ሳወራ ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ አሁንማ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ወረታ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ጠላና ምግብ እሸጥ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት ቢሆን ነው። ባሌን ከፈታሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። አባቴ ደብተራ ስለነበር ሴት ናት ሳይል ፊደል አስቆጥሮኛል፤ ይህን ለመጻፍ የበቃሁትም በእሱ ነው። ከፊደል ሌላ ያወረሰኝ ነገር ቢኖር ትከሻና ወገብ ነው። ወፍራም ነበርኩ። የምግብ ቤት ሴት ደግሞ ወጡን ትቀምሳለች፣ የተረፈውን ትጨርሳለች፣ እንግዳ «ካልበላሽ አልበላም» ሲላት ትጎርሳለች፤ እንዴት ብላ ትከሳለች? በዚያ ላይ በዚያ ዘመን በእኛ አገር «ወፍረሻል» ማለት ምርቃት ነበር። ከሩቅ የመጣ ደንበኛ ገና ከበሩ ጉንጬን አይቶ «ተመስገን፣ ደልቶሻል» ሲለኝ ደስ ይለኝና ጠላውን ሞላ አድርጌ እቀዳለታለሁ። መክሳት የሚባል ነገር በሐሳቤም መጥቶ አያውቅም። ያመጣብኝ አንድ ባለ ታንኳ ነው።

የፎገራን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው ክረምቱን ቢነግሩት አያምንም። በበጋ ከብት የሚግጥበት፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት መሬት ሐምሌ ሲገባ የርብ ወንዝ ይሞላና ከሐይቁ ጋር ይገናኛል፤ ቤቶቹ በየጉብታው ላይ ተከበው ይቀራሉ። ከመኪናው መንገድ ወደ ሐይቁ ወረድ ብለው ላሉት መንደሮች መሻገሪያው ታንኳ ብቻ ነው፤ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ሣር እየታሰረ የሚሠራ ታንኳ። ታናሽ እህቴ የተዳረችው ከእነዚህ ጉብታዎች በአንዱ ላይ ነበር።

እህቴ እላለሁ እንጂ ልጄ ናት። እናታችን እሷን ስትወልድ ሞተች። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሴቶቹ ከቤት አስወጥተውኝ አጥር ሥር ተቀምጬ የእናቴን ድምፅ እሰማ ነበር። ከዚያ የሕፃን ልቅሶ መጣ፤ ደስ አለኝ። የእናቴን ድምፅ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ያቺን ሕፃን በላም ወተት አሳደግኋት። አዝያት ውሃ ቀዳሁ፣ አዝያት ፈጨሁ፣ በመጨረሻም ዳርኳት። ስድራት ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ይህች ልጅ ስትወልድ እኔ አጥር ሥር አልቀመጥም።

በተዳረች በመጀመሪያው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ የተሳፈርኩበት ታንኳ ሜዳው መሀል ላይ ሰመጠ። ውሃው ከወገብ የሚዘል አልነበረም፤ ግን የጋገርኩላት ድፎ ዳቦ ጠፋ፣ ነጠላዬ ጭቃ ሆነ፣ እኔም እስከ ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ተተክዬ ቀረሁ። ባለ ታንኳው እኩያዬ የሚሆን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጉብታው ላይ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸ፤ «እሷ ናት እኮ! ታንኳ ይህን ሁሉ ሥጋ እንዴት ይቻለው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከማልቀስ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ሊያሳፍረኝ እምቢ አለ። «ወይ ክሽ ወይ ቅሪ» አለኝ። ሌሎቹም ባለ ታንኳዎች ወሬውን ሰምተው ኖሮ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚያ ክረምት ሁለተኛ አልተሻገርኩም።

በዓመቱ እህቴ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነው። እናት ባትኖር እኔ አለሁ ብዬ ግንቦት ላይ፣ ሜዳው ሳይሞላ፣ በእግሬ ሄጄ አማቷን «ልውሰዳት» አልኳቸው። አማቷ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃላቸውም እንደዚያው የደረቀ ሴት ነበሩ።

«የእናት ቤት ቢኖራት እሰዳት ነበር» አሉኝ። «የእኔ የልጅ ልጅ ሾፌር ከሚሰክርበት ጠላ ቤት ነው የሚወለደው?»

ደሜ ፈላ። እህቴ ከምሰሶው ኋላ ቆማ በዓይኗ ስትለምነኝ አይቼ ዋጥኩት። «እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አልኩ።

«በሐምሌ መጨረሻ? በምን ትመጫለሽ?» ብለው ከራሴ እስከ እግሬ ለኩኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ወረታ እስክደርስ ድረስ ስናገር የነበረውን መልስ እዚያው ብመልስላቸው ኖሮ ዘመድነታችን ያን ቀን ያበቃ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቴ አረፈ። የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ ወሬም አያልቅበትም። ታንኳው እንዴት እንዳዋረደኝ ብነግረው፣ «ይሄማ ቀላል ነው» አለኝ። «ጎንደር ያንድ ትልቅ ሰው ሚስት ቀሚሷ አልገባ ቢላት ሰባት ቀን ስፕሪሙታ ብቻ ጠጥታ ቀጠነች።»

«ስፕሪሙታ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የብርቱካን ጭማቂ ነዋ። እህል በአፏ አልዞረም። ጭማቂ ብቻ፣ ሰባት ቀን!»

ብርቱካን ያኔ ወረታ ገበያ ላይ ከየት ይመጣል? ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩን እያመላለስኩ አሰብኩት። ጭማቂ ማለት ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በጨርቅ ተጨምቆ የሚወርደው ከሆነ እኛም አገር አለ። ሱፍ! ሱፍ ነጭ ነው፣ እንደ ወተት ይወርዳል፣ ለሆድ አይከብድም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጾም ነው። በእኔ ቤት ሰው የሚያወፍረው ቅቤና ሥጋ ነበር፤ የጾም ነገር ያወፍራል ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ወሩም የሐዋርያት ጾም ነበርና እህል ሳልቀምስ ብውል የሚጠይቀኝ አይኖርም። ለራሴ ብልህነት ራሴን አደነቅሁ።

ከመጀመሬ በፊት ግን ልኬን ማወቅ ፈለግሁ። ገበያው ዳር ኑግና ሱፍ የሚሰበስብ ነጋዴ ነበረ፤ ጆንያ የሚመዝንበት ባስኩላ አለው። ሚዛኑን የሚይዘውን ሰው ገበያ ሳይሞላ በጧት ለምኜ ወጣሁበት። ጫማዬን አወለቅሁ፣ መቀነቴን ፈታሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ። ብዙ ይሁን ትንሽ አላውቅም፤ ሰው ተመዝኖ ያየሁት ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው።

ሰባቱን ቀን እንደ ሕጉ ጾምኩ። እስከ ቀትር ውሃ እንኳ አልቀምስም። ከቀትር በኋላ ሱፌን አነሣለሁ። ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ አጥልዬ፣ ጥቂት ማር ጠብ አድርጌበት በጣሳ እጠጣለሁ። አንዱ ጣሳ ሲያልቅ ሆዴ «ሌላ» ይላል። ጭማቂ ነው፣ ምን አለበት ብዬ እጨምራለሁ። በሦስተኛው ቀን በጣሳ መቅዳቱ ሰልችቶኝ በማሰሮ አደረግሁት። ወጥ እየሠራሁ አልቀምስም፣ እንጀራ እያቀረብኩ አልቆርስም፤ ደንበኞቼ «ምን ነካት?» ይባባላሉ። የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ጾሙን አጥብቀሽ ይዘሽዋል፤ እግዜር ይቀበልሽ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ለታንኳ ነው አባቴ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

በስምንተኛው ቀን ጧት ባስኩላው ላይ በኩራት ወጣሁ። ባለ ሚዛኑ ብረቱን ወዲህ ገፋ፣ ወዲያ ገፋ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ገፋ።

«ሰማንያ ሁለት» አለ።

«ተሳስተሃል!»

ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ሰማንያ ሁለት።

«ምን ስትበይ ሰነበትሽ?»

«ምንም! እህል አልቀመስኩም። ሱፍ ብቻ ነው የጠጣሁት።»

ሰውዬው ከፊቱ ከተከመሩት ጆንያዎች አንዱን መታ መታ አደረገ። «ይሄን ሱፍ ከአገሬው የምንገዛው ለምን ይመስልሻል?»

«ለዘይት መጭመቂያ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ገባኝ። ባሌ ቤት ሳለሁ ስምንት ዓመት እኔው ራሴ ለዚያው ነጋዴ ሱፍ ስሸጥ ኖሬ፣ ሰባት ቀን ሙሉ በማሰሮ የጠጣሁት ዘይት መሆኑ አልታየኝም! ባለ ሚዛኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእኔን ፊት ሲያይ ደግሞ አዘነ መሰለኝ፣ በሩ ሥር የቆመውን፣ ወገቡን የኑግ ዘይት ያቆሸሸውን የጨው ጆንያ በእግሩ ነካ አደረገና፣ «ተይ አንች፣ ይሄ መቶ ኪሎ ነው፤ ገና አልደረስሽበትም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ከጨው ጆንያ ጋር መወዳደሬ ጭራሽ አበገነኝና ጫማዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ደግሞ በሎሚ ሞከርኩ። ይህ እንኳን እውነተኛ ጭማቂ ነው፤ ዘይት የለበትም፣ ማርም አላስጠጋሁበትም። ሎሚና ውሃ፣ ሎሚና ውሃ። አንደኛው ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ ብዥ ይለኝ ጀመር፤ ጠላ ስጠነስስ ጌሾውን የጨመርኩ ስላልመሰለኝ ደግሜ ጨመርኩ። ያ ጠላ ሲደርስ እንደ ኮሶ መረረ፤ ደንበኞቼ አንድ ጊዜ ፉት እያሉ ፊታቸውን ጭምድድ አድርገው አስቀመጡት። በሦስተኛው ቀን ያ ሾፌር መጣና «እንዴት ነው ስፕሪሙታው?» ቢለኝ፣ በእጄ የነበረውን ማማሰያ ይዤ እስከ መኪናው አባረርኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ከሰው ሁሉ ልጣላ ነው። እንዲህ ሆኜ እህቴ ዘንድ ብደርስስ ምን ልጠቅማት ነው? ተነሥቼ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ በዕድሜዬ ትዝ አይለኝም። ካላሳፈሩኝ በጭቃው ገብቼ እሄዳለሁ አልኩና ነገሩን ተውኩት።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን ጧት ከእህቴ መንደር ወደ ገበያ የመጣ ሰው ደጄ ላይ ቆመ። «እህትሽን ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟታል» አለኝ። ጎረቤቴን ቤቱን ጠብቂልኝ ብዬ፣ ነጠላዬን አገልድሜ ወጣሁ። የመጀመሪያው መኪና ያው የሾፌሩ ነበር፤ ማማሰያውን ረስቶልኝ ጫነኝ፣ የርብ ድልድይ አጠገብም አወረደኝ።

ከመንገዱ በታች ሜዳው ውሃ ብቻ ነው። ዳር ላይ የነበረው ያ ባለ ታንኳ ብቻ ነው፤ አንድ ጨው ነጋዴ ያስጭናል። ታንኳው አዲስ ነው፣ ደንገሉ ገና አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ጆንያውን ሁለት ሆነው አስገቡና ነጋዴው ራሱ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ታንኳው ዝቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ያቺን ጆንያ አወቅኋት። ከባስኩላው ቤት ደጃፍ የወጣች ናት፤ ወገቧ ላይ በኑግ ዘይት የቆሸሸ ምልክት አለባት።

«ያ ጆንያ ስንት ነው?» አልኩት ነጋዴውን።

«ኩንታል» አለኝ።

ወደ ባለ ታንኳው ዞርኩ። «አንተ! እኔ ሰማንያ ኪሎ ነኝ። ተመዝኜአለሁ፤ ባለ ሚዛኑን ሂድና ጠይቅ። ኩንታል ጨው ከነጌታው ትጭናለህ፣ እኔን ሥጋ ትለኛለህ? ጨውን አውርድና ጫነኝ! እህቴ ምጥ ላይ ናት!»

ባለ ታንኳው ነጋዴውን አየ፣ ጆንያውን አየ። ነጋዴው ደግ ሰው ነበር፣ ወረደ፤ ጨውንም አወረዱት። ገባሁና ተቀመጥኩ። ታንኳው ከቅድሙ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ።

ጥቂት እንደሄድን ባለ ታንኳው በረጅሙ እንጨቱ ጭቃውን እየገፋ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ ተናገረ። «ያምናው ታንኳ እኮ አርጅቶ ነበር። ደንገል በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ክረምቱን ሙሉ አላደረቅሁትም። ያለ አንችም መስመጡ አይቀርም ነበር።»

«ታዲያ ለምን በእኔ አላከክህ?»

«ታንኳው ሰመጠ ከተባለ ማን ይሳፈርልኛል? ወፍራም ሴት አሰመጠችው ከተባለ ግን ሰው ስቆ ያልፋል።»

አንድ ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሄድኩት፣ በጧት ተደብቄ ጆንያ መመዘኛ ላይ የወጣሁት፣ ለዚህ ኖሯል! ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሳቅ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ቀን ዘይት አጠጣኸኝ እኮ!» አልኩት። ምን እንደማወራ አልገባውም፤ ግን እየሳቅሁ መሆኔን ሲያይ ፊቱ ተፈታና ይገፋ ጀመር። ከላዬ ምን ያህል ሸክም እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም። ቀሪው ጭንቀቴ እህቴ ብቻ ሆነች።

ደርሼ ስገባ ቀትር አልፏል። እህቴ በርከክ ብላለች፣ አዋላጇ ከፊቷ ናት፣ አማቷ ከኋላዋ ተቀምጠው በብብቷ ይዘዋታል። ምጥ ላይ ያለች ሴት መላ ሰውነቷን ጥላ የምትደገፍበት ሰው ያስፈልጋታል። ያቺ ቀጭን ሴትዮ ከንጋት ጀምሮ ማንንም አላስነካም ብለው እሳቸው ናቸው የያዟት። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሲያዩኝ ያ ደረቅ ፊት ወለል አለ።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ያዥልኝ፤ እኔስ አለቀልኝ» አሉ።

ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ፣ ደረቴን ሰጠኋት። እህቴ አልዞረችም፤ ግን አወቀችኝ። ጀርባዋን እኔ ላይ ለቀቀችው። ምጡ በመጣ ቁጥር በሙሉ ኃይሏ ወደ ኋላ ትገፋኛለች፣ እኔ ንቅንቅ አልልም። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እንዲህ ሆነን ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም፤ ጀንበር በበሩ ገብታ እግራችን ላይ ደርሳ ነበር።

ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ። ሴት ናት አሉ።

ሁሉም ወደ ሕፃኗ ዞረ፤ እኔ ብቻ አልዞርኩም። እህቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ዝም አለች። ይህን አውቀዋለሁ። የሕፃን ልቅሶ መጣ፣ የእናት ድምፅ ቀረ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ አጥር ሥር ተቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ። 

«እታለም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

«ወዬ፣ ወዬ የኔ እናት!»

«ምነው ከሳሽ? አጥንትሽ ወጋኝ።»

ዕልልታው ሲቀልጥ እኔ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደንግጠው ሊያጽናኑኝ መጡ፤ የምን ልቅሶ እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም። ገንፎው ሲቀርብ አማቷ መሀሉን ጎድጉደው ቅቤውን እስኪፈስ ሞሉበትና ከሁሉም በፊት እኔ ፊት አስቀመጡት። «ብይ፣ እውነቷን ነው ከስተሻል» አሉኝ። በላሁ፤ ሲያልቅም አስጨመርኩ።